ከመርዝ ወደ ጊዜ፦ የተዋናይት ቴሬዘ ጊዘ የመድረክ ሕይወት



ከስም በፊት አንድ ትዕይንት ላስቀድም። አንዲት ነጋዴ ሴት አለች። ጦር በሄደበት ሁሉ ጋሪዋን እያስጎተተች ቀበቶ፣ አረቄና ሸሚዝ የምትሸጥ ናት። ወንድ ልጇ ተይዞ ሊረሸን ነው። 200 ጉልደን ጉቦ ከቀረበ ግን ይለቀቃል። ያን ያህል ጥሬ ገንዘብ በእጇ የለም፤ ጋሪውን አስይዛ ልታገኘው ትችላለች። ሙሉውን ከሰጠች ደግሞ ከነገ ጀምሮ እሷና ዲዳዋ ሴት ልጇ በምን ይኖራሉ? ስለዚህ ዕድሜ ልኳን የለመደችውን ታደርጋለች፤ ዋጋ ታስቀንሳለች። 120 ይበቃቸዋል ብላ አማላጅ ትልካለች። አማላጇ እየሮጠች ተመልሳ እምቢ ማለታቸውን ትነግራታለች። እናትየዋ ሙሉውን ለመክፈል ስትስማማ ረፍዷል፤ ከሩቅ ከበሮ ይመታል። ቆይቶ ሬሳውን በቃሬዛ አምጥተው ታውቂው እንደሆነ ይጠይቋታል። አውቀዋለሁ ካለች እሷም ትያዛለች። አላውቀውም ብላ ራሷን ትወዘውዛለች።

ትዕይንቱ የጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት የበርቶልት ብሬኽት «እናት ኩራዥ» ከሚባለው ተውኔት ነው። ከመካከላችሁ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከዚሁ ተውኔት ቀድቶ «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ በአማርኛ ያቀረበውን የሚያስታውስ ይኖራል። ይህችን ሴት በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክ ላይ ሆና ያሳየችው ጀርመናዊት ቴሬዘ ጊዘ ትባላለች። ቀኑ ኤፕሪል 19 ቀን 1941፣ ቦታው የስዊዘርላንዷ ዙሪክ ነበር። በዛሬው ንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከአሁኑ ልብ በሉልኝ።

ስለ እሷ ልናገር የመጣሁት ዝነኛ ስለነበረች ብቻ አይደለም። ከእሷ የበለጠ ዝና ያላቸው የጀርመን ተዋናዮች ሞልተዋል፤ ማርሌነ ዲትሪሽን የማያውቅ የለም። የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። የቴሬዘ ጊዘን ትልልቅ ሚናዎች ደርድራችሁ ብታዩ አብዛኞቹ የሚሸጡና የሚገዙ ሴቶች ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ባለ ሱቅ፣ ባለ ጋሪ፣ የመርከብ ድርጅት ባለቤት፣ የተሰረቀ ዕቃ የምታሻሽጥ አጣቢ፣ አንድን ከተማ እንዳለ የምትገዛ ቢሊየነር። ሁሉም ጎረቤቶቻችሁን ይመስላሉ። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ስሟ እንምጣ። ማርች 6 ቀን 1898 ሙኒክ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ስትወለድ የቤተሰቡ ስም «ጊፍት» ነበር። ቃሉ በእንግሊዝኛ ስጦታ ይሁን እንጂ በጀርመንኛ መርዝ ማለት ነው። በመድረክ ማስታወቂያ ላይ «ቴሬዘ መርዝ» ተብሎ መለጠፍ ለጀማሪ ተዋናይት አይበጅምና «ጊዘ» የሚል የመድረክ ስም ያዘች። እኔ ስሙን መጀመሪያ ስሰማ «ጊዜ» ያሉ መስሎኝ ነበር። በጀርመንኛ እንዲህ ያለ ትርጉም የለውም፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን ከመርዝ ወደ ጊዜ የተሻገረች ሴት ናት፤ ከስሙ ጋር የተላመድሁትም በዚህ ነው።

አባቷ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ገና ልጅ ሳለች ሞተ። አምስት ልጆች ካሉበት ቤት የመጨረሻዋ እሷ ነበረች። የሜትርና የመቀስ ቤት፣ የዱቤ መዝገብ የሚገለጥበት ቤት እንበለው። ነጋዴ ደንበኛውን እንዴት እንደሚያይ ከየት ተማረችው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ እኔ መልስ የምፈልገው እዚያ ነው። ይህ ግን የእኔ ግምት ነው፤ እሷ ስለ ራሷ ማውራት አትወድም ነበር። በ1973 የታተመውና በጭውውት መልክ የተዘጋጀው የሕይወት ታሪኳ ርዕስ እንኳ የምለው የለኝም እንደማለት ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ትወና ተማረች። መልከ ቀና የሚባሉት ዓይነት አልነበረችም። ወፍራም፣ አጭር፣ ፊተ ሰፊ ነበረች፤ በዚያ ዘመን የመድረክ ፍቅረኛ እንዲህ አትመስልም። በየክፍለ ሀገሩ ቲያትር፣ በዚገን፣ በግላይቪትስ፣ በላንድስሁት፣ በብሬስላው ስትሠራ ከዕድሜዋ የሚበልጡ ሴቶችን መጫወት ለመደች። ተዋናዮች በሃምሳ ዓመታቸው የሚፈሩትን የእናትና የአሮጊት ሚና እሷ በሃያዎቹ ገባችበት። እንደ እኔ አስተያየት የጠቀማት ይህ ነው። ውበቷ የሚረግፍበትን ቀን መጠበቅ ስላልነበረባት በሰባ ሁለት ዓመቷም አዲስ ነገር መጀመር ችላለች።

በ1926 ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመልሳ ኦቶ ፋልከንበርግ የሚመራውን የሙኒክ ካመርሽፒለ ቲያትር ተቀላቀለች። ካመርሽፒለ ዛሬም ድረስ ወዳለበት ወደ ማክሲሚሊያን ጎዳና የገባው በዚያው ዓመት ነበር። እዚያ ሰባት ዓመት ሠራች፤ የሙኒክ ሰውም የራሱ አደረጋት። ራሷ በኋላ እንደተረከችው የናዚ ፓርቲ ጋዜጣ ሳይቀር እውነተኛ የጀርመን ሴት እያለ አወድሷት ነበር፤ አይሁዳዊት መሆኗን የጻፈው ሰው አላወቀም። የዘር ሊቃውንት ነን የሚሉ ሰዎች ዓይን ይህን ያህል ነበር።

አሁን ካባሬት ወደሚባለው ነገር ልግባ። ካባሬት ትንሽ አዳራሽ ነው። ሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብሎ ይጠጣል፤ ፒያኖ አለ፤ አንድ አስተዋዋቂ በየመካከሉ እየወጣ ይነጋገራል፤ ዘፈን፣ አጭር ጭውውት፣ ሽሙጥ ይከታተላሉ። አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው መንፈሱን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ የካባሬት ግጥም በቅጽበት የሚፈጠር ሳይሆን አስቀድሞ ተጽፎ የተለማመዱት መሆኑ ነው።

ጊዘን ወደ ካባሬት ያመጣቻት ኤሪካ ማን ናት። «ማን» ስል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ፤ የቤተሰቡ ስም ነው። የኖቤል ተሸላሚው ደራሲ የቶማስ ማን የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ራሷም ተዋናይትና ጸሐፊ ነበረች። ኤሪካና ቴሬዘ የፍቅር ጓደኞች ነበሩ፤ የሥራ ባልደረቦችም። ከኤሪካ ወንድም ከክላውስና ከፒያኒስቱ ማግኑስ ሄኒንግ ጋር ሆነው አንድ ካባሬት አቋቋሙ፤ አብዛኛውን ግጥም የምትጽፈውም የምታስተዋውቀውም ኤሪካ ነበረች። ስም ሲፈልጉ ቶማስ ማን ከምግብ ጠረጴዛው ላይ የቁንዶ በርበሬ መፍጫውን አንሥቶ ይህንን አይሆንም ወይ አለ ተብሎ ይተረካል። «ዲ ፕፌፈርሙለ» አሉት፤ የቁንዶ በርበሬ ወፍጮ ማለት ነው። የተከራዩት አዳራሽ ደግሞ «ቦንቦኒዬር» ይባል ነበር፤ የከረሜላ ሳጥን። በከረሜላ ሳጥን ውስጥ ቁንዶ በርበሬ መፍጨት ጀመሩ።

መጋረጃው የተከፈተው ጃኑዋሪ 1 ቀን 1933 ነው። ቦንቦኒዬር የሚገኘው ከሆፍብሮይሃውስ ጎን ነበር፤ ሂትለር በ1920 የፓርቲውን ፕሮግራም ያነበበበት የታወቀው የቢራ አዳራሽ ማለት ነው። ወፍጮው በተከፈተ በሰላሳኛው ቀን ሂትለር የጀርመን ቻንስለር ሆነ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 1 ላይ፣ እነ ኤሪካ ሁለተኛ ፕሮግራማቸውን ጀመሩ፤ አዳራሹ ሌሊት ሌሊት ይሞላ ነበር። ሂሳቡን አስሉት፤ ስንት ምሽት ይቀራቸዋል? በወሩ መጨረሻ የጀርመን ፓርላማ ሕንፃ ተቃጠለ። በማርች ናዚዎች ሙኒክ ያለችበትን ባቫርያን ሲይዙ ኤሪካና ቴሬዘ ድንበር ተሻገሩ። ጊዘ ወደ ሙኒክ መድረክ ለመመለስ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀባት።

ወፍጮው ግን አልቆመም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መጨረሻ ዙሪክ ውስጥ፣ በአሮጌው ከተማ በኒደርዶርፍ ሰፈር፣ ሂርሸን በሚባል ሆቴል እንደገና ተከፈተ። እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ሥራቸው እንዴት እንደነበር ማሳየት እፈልጋለሁ።

ያን ጊዜ በስዊዘርላንድ በእንግድነት የሚኖር ስደተኛ የጎረቤትን መንግሥት መሪ ስም ጠርቶ መሳደብ አይችልም ነበር፤ ፈቃዱን ይነጠቅ ነበር። ስለዚህ በፕፌፈርሙለ መድረክ የሂትለር ስም አይነሣም። ናዚም፣ ጀርመንም አይባልም። ተረት ይነገራል፣ የልጆች ዘፈን ይዘፈናል። ለሰምና ወርቅ ባለቤቶች ይህን ማብራራት ድፍረት ይሆንብኛል። ኤሪካ ቦት ጫማ ያለው የወታደር ልብስ ለብሳ ወጥታ የሐሰት አገር ልዑል ነኝ ትላለች፤ ሰሙ ተረት ነው። ወርቁን ለማግኘት አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ብዙ መቆፈር አላስፈለገውም።

ጊዘ ደግሞ ሌላ መንገድ ነበራት። እሷ ልዑል አትሆንም። በአንዱ ዝግጅት ጅልነትን ራሷን ሆና ትወጣለች፤ ገዢዎች ያለ እኔ አንድ ቀን አያድሩም እያለች በሥራዋ የምትኮራ፣ ጤናማ፣ ደስተኛ ጅልነት። በሌላው ወይዘሮ ኤክስ የሚሏትን ባለ ሱቅ ትሆናለች። ወይዘሮ ኤክስ ክፉ ሰው አይደለችም። ሱቋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ለኑሮ የምትጠቅም ትንሽ ውሸት ትዋሻለች፤ ሌላው ሲዋሽም ዓለም እንዲህ ናት ብላ ታልፋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ጦርነት ይመጣል። የቆመችው ያለ ምንም ጌጥ ነው፤ አትጮህም፣ እጇን አታወናጭፍም። ተመልካቹ መጀመሪያ ይስቃል፤ ምክንያቱም ይህችን ሴት ያውቃታል፤ ዛሬ ጠዋት ቅቤ የገዛው ከእሷ ነው። ሳቁ የሚቆመው ከእሷ ቅቤ የገዛው እሱ ራሱ ምን እንደሚሆን ሲያስብ ነው።

አምባገነንን ማላገጥ ቀላል ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን አምባገነኑ ሲላገጥበት ተመልካቹ ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባለ ሱቋ ስትወጣ ንጹሕ የሚሆን የለም። ይህ ልዩነት የጊዘን ቀሪ ሕይወት ሙሉ የሚከተል ይመስለኛል።

በኖቬምበር 1934፣ ዙሪክ ኩርዛል በሚባለው አዳራሽ፣ ፍሮንቲስቶች የሚባሉት የስዊስ ናዚ ደጋፊዎች ዝግጅቱን ረበሹ። ፉጨት፣ ጩኸት፣ ድብድብ ሆነ፤ ተዋናዮቹ ለተከታታይ ቀናት በፖሊስ ጥበቃ ሠሩ። የረብሻው ውጤት ረባሾቹ የፈለጉት ሆነ። የዙሪክ ካንቶን፣ ማለትም ክፍለ ግዛቱ፣ የውጭ ዜጎች የፖለቲካ ካባሬት እንዳያሳዩ የሚከለክል ውሳኔ አወጣ፤ ሰዎችም የፕፌፈርሙለ ሕግ አሉት። ቡድኑ በቼኮስሎቫኪያ፣ በኔዘርላንድ፣ በቤልጂግ፣ በሉክሰምበርግ እየዞረ እስከ 1936 ከ1,000 በላይ ምሽት አሳየ። በሻንጣ የሚዞር ካባሬት ነው፤ ፒያኖ ግን በየከተማው ይከራያሉ።

የስደተኛ ዋና ችግር መድረክ አይደለም፤ ፓስፖርት ነው። ናዚዎች የኤሪካን ዜግነት በ1935 ገፈፉ። በዚያው ወር እንግሊዛዊው ባለቅኔ ኦደን ሲያገባት ብሪታንያዊት ሆነች። በመካከላቸው የፍቅር ጉዳይ አልነበረም፤ የወረቀት ጋብቻ ነው። ኦደን ለቴሬዘም ባል ፈለገላት። ያገኘው ጆን ሃምፕሰን የሚባል ልቦለድ ጸሐፊ ነው። ሜይ 20 ቀን 1936 በበርሚንግሃም አጠገብ ባለችው በሶሊሃል ተጋቡ። እንደ ኦደን ሁሉ ሃምፕሰንም ወንዶችን የሚያፈቅር ሰው ነበር፤ ሙሽሪትም ሙሽራውም ለምን እንደቆሙ ያውቁታል። በዚያ ቀን ሙሽሪት ያገኘችው ጥሎሽ አንድ ፓስፖርት ነበር። ጋብቻቸው የውሸት ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ከዚያ ዓመት የአውሮፓ ጋብቻዎች የዚህን ያህል ሕይወት ያተረፈ ስንት ነው ብዬ እመልስለታለሁ።

በጃኑዋሪ 1937 ፕፌፈርሙለን ወደ ኒውዮርክ ወሰዱት። አልሆነም። ግጥሙ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ቀረበ፤ ሰሙ ተሻገረ፣ ወርቁ ባሕር ላይ ቀረ። ሂትለርን በግልጽ መሳደብ ለሚችል አሜሪካዊ የሐሰት አገር ልዑል ተረት ብቻ ነው። ኤሪካ አሜሪካ ቀርታ ንግግር አድራጊ ሆነች። ቴሬዘ ግን ቋንቋዋ ጀርመንኛ ነውና ወደ ዙሪክ ተመለሰች፤ ዙሪክ ሻውሽፒልሃውስ ቲያትር ገባች።

ያ ቲያትር በጦርነቱ ዓመታት ምን እንደነበር ጥቂት ልበል። ከጀርመንና ከኦስትሪያ የሸሹ ተዋናዮች፦ ኩርት ሆርቪትስ፣ ኤርንስት ጊንስበርግ፣ ከናዚ ማጎሪያ የወጣው ቮልፍጋንግ ላንግሆፍ፣ ሌሎችም እዚያ ተሰብስበው ነበር። በጀርመንኛ ነፃ ሆኖ የሚሠራ ትልቅ ቲያትር ያን ጊዜ ከዚያ ሌላ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ብሬኽት «እናት ኩራዥ»ን በ1939 በስዊድን ስደት ላይ ጽፎ ነበር። በ1941 ተውኔቱ ሲከፈት እሱ ፊንላንድ ሆኖ ወደ አሜሪካ የሚሻገርበትን ቪዛ ይጠብቃል። አዘጋጁ ሌኦፖልድ ሊንትበርግ፣ መድረኩን የሠራው ቴኦ ኦቶ ነበር። ጀርመን በዚያ ወር ድንበር ማዶ ዩጎዝላቪያንና ግሪክን እየወጋች ናት።

ጊዘ ጋሪዋን ይዛ ወጣች። ሰው አለቀሰ። ጋዜጦች ታላቅ የእናት ጽናት አየን ብለው ጻፉ።

ብሬኽት ይህን ሲሰማ ተናደደ። እሱ የጻፈው ከጦርነት ለማትረፍ ሞክራ ልጆቿን ሁሉ ያጣች፣ ከዚያም በኋላ ምንም ሳትማር ጋሪዋን የምትገፋ ነጋዴ ነው፤ ተመልካቹ የወሰደው የምታስለቅስ እናት። ስለዚህ ተውኔቱን አስተካከለ። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ጦር ያቃጠለው መንደር ውስጥ ቁስለኛ ገበሬዎች ይመጣሉ፤ ማሰሪያ ጨርቅ የለም። ኩራዥ የምትሸጣቸው ውድ የመኮንን ሸሚዞች አሏት። በመጀመሪያው ጽሑፍ እሷው ሸሚዞቹን ቀድዳ ትሰጣለች። በተስተካከለው ጽሑፍ አልሰጥም ትላለች፤ ከእጇ በግድ ይወስዱባታል። አራት ሸሚዝ ነው ነገሩ። ሰውየው ሙሉ ገጸ ባሕርይዋን የገለበጠው በአራት ሸሚዝ ነው። በ1949 በርሊን ላይ ሚስቱ ሄለነ ቫይገል ይህንኑ ሚና ስትጫወት ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። መጨረሻ ላይ ኩራዥ የልጇን መቀበሪያ ለገበሬዎች ስትከፍል ሳንቲሞቹን ቆጥራ ሰጥታ፣ አንዱን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ ሲነገር ጊዘ የተሳሳተችው፣ ቫይገል ያረመችው ሆኖ ይቀርባል። እኔ አልስማማም። ጊዘ የተሰጣትን ጽሑፍ ተጫወተች፤ ሸሚዙን ቀድደሽ ስጪ ያላት ብሬኽት ራሱ ነው። ደግሞም በ1941 አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት መካከል ልጆቻቸው የት እንዳሉ የማያውቁ ስደተኞች ይኖራሉ። አታልቅሱ ብሎ ማን ይከለክላቸዋል? ብሬኽትም ቂም አልያዘባትም። በ1950 ሙኒክ ላይ፣ በዚያው በቀድሞ ቤቷ በካመርሽፒለ፣ ራሱ አዘጋጅ ሆኖ ሚናውን ለእሷ ሰጣት። የበርሊኑን አቀራረብ መነሻ አድርጋ የራሷን ሴት እንዴት እንደፈጠረች በአድናቆት ጽፏል።

ብሬኽት በርሊን ላይ ያቋቋመውን በርሊነር አንሳምብል የተባለ ቲያትርም በ1949 ተቀላቅላ ነበር። እዚያ የሠራቻቸውን ተመልከቱልኝ። የጎርኪዋ ቫሳ ዤሌዝኖቫ፣ የመርከብ ድርጅቷን ለማዳን ባሏን መርዝ ጠጣ እስከማለት የምትደርስ ሴት ናት። የሃውፕትማን «የቢቨር ካፖርት» አጣቢ፣ ዳኛውን አፍንጫው ሥር እያታለለች ትሰርቃለች። በክላይስት «የተሰበረው ገንቦ» ውስጥ የተሰበረ ገንቦዋን ይዛ ችሎት የምትቆመው ማርተ ሩል አለች፤ ይህንን ተውኔት በ1952 ያዘጋጀችውም ራሷ ጊዘ ናት። መጀመሪያ ያልኋችሁን ያስታወሰ ሰው ዝርዝሩን እያሟላው ይሆናል።

ዜግነቷ ብሪታንያዊ፣ ሥራዋ በዙሪክ፣ በሙኒክና በበርሊን ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ በከፈለው ዓለም በሁለቱም በኩል መሥራት በሁለቱም በኩል ጥርጣሬ ያተርፋል። እሷ ስለዚህ ብዙ አልተናገረችም። የምትለው የላትማ!

ከዚያ ፍሪድሪሽ ዱረንማት መጣ። ስዊሱ ደራሲ በሃያ ሦስት ዓመት ያንሳታል። ጃኑዋሪ 29 ቀን 1956 ዙሪክ ላይ «የአሮጊቷ እመቤት ጉብኝት» ሲከፈት ክሌር ጻሃናሲያንን ሆና የወጣችው ጊዘ ናት። ክሌር በወጣትነቷ አርግዛ፣ ፍቅረኛዋ ክዷት፣ ከትንሿ ከተማ ተባርራ የሄደች ናት። በስተርጅና የዓለም ቱጃር ሆና፣ በሰው ሠራሽ እግርና እጅ፣ በሰው ሸክም ወንበር ላይ ተቀምጣ ትመለሳለች። ለከተማው አንድ ቢሊዮን ትሰጣለች፤ ዋጋው ያ ፍቅረኛዋ መገደሉ ነው። ከንቲባው በኩራት እምቢ ይላል። እሷ አትከራከርም፤ እጠብቃለሁ ትላለች። እናት ኩራዥ የወደቀችው ዋጋ ስታስቀንስ ነበር፤ ክሌር ግን የጠራችውን ዋጋ አትነካም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር የሚታየው በጫማ ነው። የከተማው ሰው አንድ በአንድ አዲስ ቢጫ ጫማ አድርጎ ይታያል። በዱቤ ነው የገዙት። ዱቤውን በምን ሊከፍሉት አስበዋል? ሰውየው የጎረቤቶቹን እግር እያየ ሞቱን ይቆጥራል። ጊዘ በዚህ ሁሉ መካከል ሰገነት ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እንቅስቃሴ የሌለውን ሚና ለእሷ መስጠት ለዓሣ ውኃ እንደመስጠት ነው፤ ያኔ በፕፌፈርሙለ መድረክ ዝም ብላ ቆማ ሰው ያስፈራች ሴት ናት። ተውኔቱ ወደ አህጉራችንም መጥቷል፤ ሴኔጋላዊው ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ በ1992 «ጅቦች» በሚል ርዕስ ፊልም አድርጎታል። ያላያችሁት ፈልጋችሁ እዩት።

በ1962 ዱረንማት «የፊዚክስ ሊቃውንት»ን ሲያቀርብ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ባለቤት የሆነ ሐኪም ነበረበት። መጀመሪያ ወንድ ነበር፤ ጊዘ ሚናውን ስለፈለገችው ሴት አደረገውና ተውኔቱንም ለእሷ መታሰቢያ ሰጠ። ሐኪሟ ጎባጣ፣ አሮጊት፣ ለሕሙማኗ የምታዝን ትመስላለች። መጨረሻ ላይ አንዱ ሊቅ ዓለምን ላለማጥፋት ብሎ የደበቀውን ግኝት ሁሉ በድብቅ ገልብጣ፣ ፋብሪካ አቋቁማበት ተገኘች። ይህችም ነጋዴ ናት።

ፊልሞቿን ቶሎ ልለፋቸው፤ ከመድረኩ ጋር ሲነጻጸሩ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። በ1945 በስዊዘርላንድ በተሠራው «የመጨረሻው ዕድል» ስደተኛ እናት ሆናለች። በ1958ቱ «ዩኒፎርም የለበሱ ልጃገረዶች» የአዳሪ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናት፤ ያየሁት ጊዜ ከልጃገረዶቹ ይልቅ እኔ እሷን ፈራኋት። አንዱ ግን ጊዜ ይሰጠው። በ1974 የፈረንሳዩ ሉዊ ማል «ላኮምብ ሉሲየን» በሚለው ፊልሙ የተደበቀች አይሁዳዊት አያት አደረጋት። ከናዚው ምሥጢራዊ ፖሊስ ከጌስታፖ ጋር የሚሠራ የገበሬ ልጅ ቤታቸው እየተመላለሰ ይገባል። አያት ከአፏ ቃል አይወጣም ለማለት ይቻላል፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ታየዋለች። ከሰው ጋር ሆኜ ያየሁት ጊዜ ከጎኔ የነበረው ወጣት በሹክሹክታ ይህች ሴትዮ ናት እንዴ ዋናዋ ብሎኛል። መልሴ አዎ ነበር፤ ባትሆንም።

ከዚያ በፊት በ1970፣ በሰባ ሁለት ዓመቷ፣ በምዕራብ በርሊን ወጣቱ ፔተር ሽታይን ሻውቡነ ቲያትር ላይ የብሬኽትን «እናት» ሲያዘጋጅ ዋናውን ሚና ይዛለች። በዙሪያዋ ያሉት ከ1968ቱ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ፣ የልጅ ልጆቿ የሚሆኑ ተዋናዮች ናቸው። አብዮት ያወራሉ፤ እሷ ልምምድ ሰዓት ላይ ትደርሳለች።

ማርች 3 ቀን 1975፣ ሰባ ሰባት ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ሙኒክ ውስጥ ሞተች። ማል ያንኑ ዓመት የወጣውን «ጥቁር ጨረቃ» የሚለውን ፊልሙን ለእሷ መታሰቢያ አደረገው። የተቀበረችው ግን ሙኒክ አይደለም። ዙሪክ ላይ፣ ከከተማው በላይ ካለው ከፍሉንተርን መቃብር ነው፤ ጄምስ ጆይስም ያረፈው እዚያ ነው። ቁንዶ በርበሬ አትፍጩብን ያለ ካንቶን መሬቱን ሰጣት።

አንድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። የምዕራብ ጀርመን ፖስታ በጀርመን ታሪክ ለታወቁ ሴቶች ባወጣው ተከታታይ ቴምብር ውስጥ በ1988 የጊዘንም ምስል አትሟል። ይዤ የመጣሁት እሱን ነው። ያገለገለ ስለሆነ ማኅተም አርፎበታል፤ ፊቷ ግን ይታያል። ከታች ዋጋዋ ተጽፏል፤ 100 ፕፌኒግ፣ አንድ ማርክ። ከፊተኛው ረድፍ ጀምራችሁ ተቀባበሉት። ስትጨርሱ እንድትመልሱልኝ፤ ከአንድ አሮጌ ቴምብር ሻጭ ላይ ስገዛው ዋጋ አስቀንሼ ነው ያገኘሁት።